«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ዊንዶውሳቸውን ከሆም ወደ ፕሮ ወይም ከ10 ወደ 11 ማሳደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎች ናቸው የጻፉልኝ። ከደብዳቤዎቹ ገሚሶቹ ደግሞ «ጥገና ቤት ብወስደው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም ተባልኩ» ብለው ይዘጋሉ፤ ፎርማት ማለት ዲስኩን ከነፋይሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለችው የጥገና ክፍሌ ይህን ቃል ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም፤ በሰማሁት ቁጥርም ያንገበግበኛል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የስህተት ቁጥሮቹንም በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ስክሪናችሁ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምታገኟቸው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከወለድኩ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እንድሠራ ስለተፈቀደልኝ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ከቤት ሆኜ መክፈት እፈልጋለሁ። የቢሮው ኮምፒውተርም የቤቴ ላፕቶፕም ዊንዶውስ 11 ሆም ናቸው። ፕሮ ያስፈልጋል ስለተባልኩ ከአንድ ሻጭ ሁለት የፈቃድ ቁልፍ ገዛሁ፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ቢሮ ሳስገባው 0ኤክስሲ004ኤፍ050 ይላል። ቤት ሳስገባው 0ኤክስሲ004ሲ008 ይላል። ሻጩን ስጠይቀው ሁለቱም ፎርማት ይደረጉ አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት። በቅድሚያ ወጪ የሚቀንስልዎትን ነገር ልንገርዎት፤ የቤትዎ ላፕቶፕ ፕሮ አያስፈልገውም። በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ በመክፈቻው፣ ፕሮ መሆን ያለበት የሚከፈተው የቢሮው ኮምፒውተር ነው፤ የሚከፍተው የቤቱ ላፕቶፕ ሆም ቢሆንም ይሠራል። የቤቱን ላፕቶፕ እንዳለ ይተዉት። በእሱ ላይ ያዩት 0ኤክስሲ004ሲ008 የሚባለው ስህተት ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቁልፉ ከዚህ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ገብቷል፣ ወይም ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ በሆኑ ማሽኖች ላይ ውሏል ማለት ነው። ገንዘብዎን እንዲመልስልዎት ሻጩን ይጠይቁት። ላፕቶፑን መቶ ጊዜ ፎርማት ቢያደርጉት ያ ቁልፍ ያው ቁልፍ ነው።

ወደ ቢሮው ኮምፒውተር እንምጣ። ሆም እና ፕሮ የሚባሉት ኤዲሽኖች ናቸው፤ የአንዱ ዊንዶውስ ሁለት ደረጃዎች እንደማለት ነው። 10 እና 11 የሚባለው ሌላ ጉዳይ ነው። ከሆም ወደ ፕሮ ለመሄድ የሚያስፈልገው ትክክለኛ የፕሮ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ሲገባ ዊንዶውሱ ደረጃውን ይቀይርና እንደገና ይነሳል፤ ፋይሎችዎና ፕሮግራሞችዎ በቦታቸው ይቆያሉ። እንዲያውም ፎርማት ቢደረግ ምን እንደሚፈጠር ልንገርዎት። ከነዊንዶውሱ የተሸጠ ኮምፒውተር የሆም ቁልፉ በማዘርቦርዱ (በዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ ታትሞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ጫኙ ፕሮግራም ያንን ቁልፍ በራሱ ያነብና ሳይጠይቅ ሆምን መልሶ ይጭናል። ፋይልዎን አጥተው፣ አንድ ቀን አቃጥለው፣ ተመልሰው እዚያው ሆም ላይ ይገኛሉ።

0ኤክስሲ004ኤፍ050 «ይህን ቁልፍ አላውቀውም» ማለት ነው። ቁልፉ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ የፕሮ ሳይሆን የሌላ ኤዲሽን ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ የተሰጠ ነው ስላሉኝ ከሁሉ አስቀድመው የእጅ ጽሕፈቱን ይመርምሩት። የዊንዶውስ ቁልፍ በአምስት በአምስት የተከፈለ 25 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ሁሉም የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አይገባበትም። አምስቱ አናባቢዎች የሉበትም። ኤል፣ ኤስ እና ዜድም የሉበትም። ከቁጥር ደግሞ 0፣ 1 እና 5 የሉም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዜሮ የሚመስል ነገር ካዩ ዲ ወይም ኪው ነው፤ ዜድ የሚመስለው 2 ነው፤ አንድ የሚመስለው ብዙ ጊዜ 7 ነው። ቢ እና 8፣ ጂ እና 6 ግን ሁለቱም ስለሚገቡ ሁለቱንም እያፈራረቁ መሞከር ግድ ነው። በዚህ መንገድ ብቻ «አይሠራም» የተባሉ ቁልፎችን አስነስቻለሁ። ሌላው ደግሞ የኪቦርዱ ቋንቋ ነው። አማርኛ ላይ ከሆነ የቁልፉ ሳጥን የሚጽፉትን አይቀበልም። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት።

ቁልፉ እውነተኛ ሆኖ ሽግግሩ ራሱ እምቢ ቢል ደግሞ 0ኤክስ80070422 የሚል ቁጥር ወጥቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህ አንድ አገልግሎት ተዘግቷል ማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ የሚዘጋው አገልግሎት የታወቀ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል እንዳይበላ ተብሎ ዝማኔ የሚያወርደው ዊንዶውስ አፕዴት ከሥሩ ይጠፋል። ኤዲሽን ለመቀየር ያ አገልግሎት መነሳት አለበት። «ሰርቪስስ» የሚለውን መስኮት ከፍተው ዊንዶውስ አፕዴትን «ማንዋል» ላይ ያድርጉት። ጥቅል ለመቆጠብ ከፈለጉ አፕዴትን መግደል አያስፈልግም፤ የዋይፋዩን ግንኙነት «ሚተርድ» (በመጠን የሚከፈልበት) ማለት ብቻ ይበቃል፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ከባድ ማውረድ ያቆያል።

ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣው፣ ኤዲሽኑን ከሆም ወደ ፕሮ ለማሻገር ብቻ የሚያገለግል አጠቃላይ ቁልፍም አለ። ኢንተርኔቱን ነቅለው እሱን ያስገባሉ፣ ኮምፒውተሩ ፕሮ ሆኖ ይነሳል፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን መልሰው የራስዎን የተገዛ ቁልፍ ያስገባሉ። አደራ፣ የራስዎ ትክክለኛ ቁልፍ እጅዎ ላይ ሳይኖር ይህን አይሞክሩ። ያ ቁልፍ ያሻግራል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም፤ ከፕሮ ወደ ሆም መመለስ ደግሞ እንደገና ሳይጫን አይቻልም። ከማይክሮሶፍት መደብር በቀጥታ የሚገዛው የሆም ወደ ፕሮ ማሳደጊያ በአሜሪካ ዋጋ 99 ዶላር ነው። የውጭ ክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለሦስት አራት ሰው ከተሸጠ ቁልፍ ይልቅ ድርጅቱን አስፈቅደው አንዱን በትክክል ቢገዙ ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት ከፒችትሪ ውስጥ ባክአፕ ያውጡና ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ፎልደሩን ብቻ ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ራሱ «ባክአፕ» በሚለው ትእዛዝ የሚያወጣው አንድ ፋይል ነው አስተማማኙ። ከሽግግሩ በኋላ ፒችትሪ አልከፈት ቢልዎት አይደንግጡ፤ ከሥሩ የሚሠራው ፐርቫሲቭ የሚባለው የዳታቤዝ አገልግሎት ሳይነሳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቪስስ ውስጥ ገብተው ያስነሱት። ሪሞት ዴስክቶፕንም በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት። 3389 የሚባለው በሩ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ከዓለም ዙሪያ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ይደበድቡታል። የቢሮው ኔትወርክ ባለሙያ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) በኩል ያድርግልዎት።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት አለኝ። ለአንዱ ዴስክቶፕ ሕጋዊ የፕሮ ቁልፍ ከነደረሰኙ ገዛሁ። ቁልፉን ሳስገባ 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ ይላል። ኢንተርኔት አለ። ግን አንዳንድ ድረ ገጾችም «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ ስለሚሳሳት ልጆቹ በእጅ እያስተካከሉት ነው የሚሠሩት።

መልስ፦ ለእኚህ አባት ስልክ ደውዬ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ቀንና ሰዓት እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። «ኖቬምበር 12፣ 2018፣ 3 ሰዓት ከ20» ብለው አነበቡልኝ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 2018፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ነበር። ልጆቹ ሰዓቱን ያስተካከሉት እኛ በምንቆጥረው መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የሚያነበው፤ ለእሱ ያ ቀን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ፣ ሰዓቱም ገና ሌሊት ነው።

ይህ ከፕሮ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ኮምፒውተርዎ ቁልፉን ለማስመርመር ወደ ማይክሮሶፍት ማሽን ሲደውል ያኛው ማሽን መታወቂያውን ያሳያል፤ ሰርተፊኬት ይባላል። በመታወቂያው ላይ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለ። 2018 ላይ የቆመው ኮምፒውተርዎ በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲቀርብለት ገና ያልተሰጠ ሰነድ ይሆንበትና ንግግሩን ያቋርጣል። ድረ ገጾቹም የማይከፈቱት በዚሁ ምክንያት ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ብቻውን ቢሆን ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ዓመቱ ግን አያልፍም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ባትሪ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የአምስት ሳንቲም ያህል የምትሰፋ ክብ ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ የሚጠፋው እሷ ስለደከመች ነው። ሁለተኛው፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» የሚለውን ከፍተው የሰዓት ክልሉን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደሚቀድመው «ናይሮቢ» ያድርጉት፤ አዲስ አበባ በስሟ አትገኝም፣ ሰዓታችን ግን ያው ነው። ከዚያ «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫኑ። ቁልፉን እንደገና ያስገቡት።

ልጆቹ በእኛ ሰዓት ማየት መፈለጋቸው ግን ትክክል ነው፤ ደንበኛ «በ8 ሰዓት እመለሳለሁ» ሲል በፈረንጅ ሰዓት እያሰሉ መልስ መስጠት አያስፈልጋቸውም። ዊንዶውስ ተጨማሪ ሰዓት የሚያሳይበት ቦታ አለው። «አዲሽናል ክሎክስ» ይባላል። እዚያ ገብተው ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚዘገየውን «ቦነስ አይረስ» ይምረጡ። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ትዘገያለች፤ በዚያ ሰዓት የሚታየው ቁጥር በአማርኛ የምንቆጥረው ሰዓት ነው። ስሙንም ቀይረው «የእኛ ሰዓት» ብለው በአማርኛ መጻፍ ይችላሉ። የመዳፊቱን ቀስት ሰዓቱ ላይ ሲያሳርፉ ሁለቱንም ያያሉ፤ ዋናውን ሰዓት ማንም አይነካውም።

እኚህ ደንበኛ በማግስቱ ደውለው ባትሪዋ ተቀይራ ፕሮ እንደገባ ነገሩኝ። ይህንንም ኮምፒውተር «ፎርማት» ያሏቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ዊንዶውስ 10 ኢንተርፕራይዝ ነው። ስድስት ወር ገደማ ከሠራ በኋላ «አክቲቬት አድርግ» ማለት ጀመረ፤ ቁጥሩ 0ኤክስሲ004ኤፍ074 ነው። የሸጠልኝ ሰው አንቲቫይረሱን ዘግተህ ይህን ፕሮግራም አስነሳ ብሎ አንድ ፋይል ላከልኝ። ወደ ፕሮ ልቀይረው ወይስ ፋይሉን ልጠቀም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን ፋይል አይክፈቱት፤ ከፍተውት ከሆነም የባንክና የኢሜይል ይለፍ ቃሎችዎን ከሌላ ማሽን ላይ ይቀይሩ። አንድ ፕሮግራም ዘበኛውን አስተኝተህ አስገባኝ ሲል ምን ይዞ እንደሚገባ አያውቁም።

ኢንተርፕራይዝ ለትላልቅ ድርጅቶች የሚሰጥ ኤዲሽን ነው። በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ፈቃድ የሚያድስ ማሽን አለ፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ቢያንስ በ180 ቀን አንድ ጊዜ እሱን ማግኘት አለበት። የእርስዎ ላፕቶፕ ከድርጅቱ ወጥቷል፤ ቀጠሮው ሲደርስ የሚደውልለት አጥቶ ነው 0ኤክስሲ004ኤፍ074 ያለው። ስድስት ወር የሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ተስፋ አለው። ከውጭ የሚመጡት የቢሮ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የፕሮ ፈቃድ የነበራቸው ናቸው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ቁልፉ ከላፕቶፑ ሥር በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ፓወርሼል በሚባለው መስኮት በአንድ መስመር ትእዛዝ ይነበባል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሁለት ደቂቃ ያወጣልዎታል። የሚወጣው ቁልፍ የፕሮ ከሆነ «አክቲቬሽን» ውስጥ ገብተው «ቼንጅ ፕሮዳክት ኪይ» በሚለው ያስገቡት፤ ኢንተርፕራይዙ ወደ ፕሮ ይቀየራል፣ ፋይልዎ አይነካም። ቁልፉ የዊንዶውስ 8 ዘመን ከሆነ ግን ተስፋዎ ያነሰ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 የ7 እና የ8 ቁልፎች አዲስ 10 እና 11 እንዳይከፍቱ ዘግቷቸዋል።

ስሙ መጨረሻ ላይ «ኢቫሉዌሽን» የሚል ቃል ካለበት ነገሩ ሌላ ነው። ያ ለ90 ቀን የመሞከሪያ ዊንዶውስ ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ በራሱ ይጠፋል፤ በቁልፍም ወደ ፕሮ አይቀየርም። ዛሬ ከጠየቃችሁኝ ሁሉ ፋይላችሁን አውጡና አዲስ ይጫን የምለው ለዚህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለልጄ የተገዛው አዲስ ላፕቶፕ ከማይክሮሶፍት መደብር ከሚገኘው ውጭ ምንም ፕሮግራም አይጭንም። «ኤስ ሞድ» ይላል። ፕሮ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ኤስ ሞድ የተቆለፈ ሆም ነው፤ መውጣቱ በነጻ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ገብተው ወደ መደብሩ የሚወስደውን ማስፈንጠሪያ ይጫኑና «ጌት» የሚለውን ይምረጡ። አንዴ ከወጡ ወደዚያው መመለስ አይቻልም። ልጁ ትንሽ ከሆነና የትምህርት ፕሮግራሞቹ ሁሉ ከመደብሩ የሚገኙ ከሆነ ግን ለጊዜው እንዳለ መተው ክፉ አይደለም፤ ያልታወቀ ነገር እንዳይጭን ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ከ10 ወደ 11 ሳሳድግ መብራት ጠፋ። ሲመለስ «ለውጡን በመቀልበስ ላይ» የሚል ነገር እያሳየ ቆሟል። ላጥፋው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አያጥፉት። ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ እየመለሰዎት ነው፤ ሀርድ ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የዲስኩ መብራት እየብለጨለጨ እስከሆነ ድረስ ይታገሱት፤ በዚህ ሰዓት የሚጫን የማጥፊያ ቁልፍ ነው ኮምፒውተር የሚገድለው። ከተመለሰ በኋላ እንደገና ሲሞክሩ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ይጀምሩ። ፕሪንተርና ፍላሽ ሁሉ ይነቀል። 0ኤክስ80070070 የሚል ካመጣ ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ አልቋል ማለት ነው። በ0ኤክስሲ1900101 የሚጀምር ቁጥር ካመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የድራይቨር ነው፣ ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ማለት ነው፤ የቪዲዮና የዋይፋይ ድራይቨሮችን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርደው ያድሱ። ተሳክቶ 11 ከገባ በኋላ ካልወደዱት 10 ቀን ጊዜ አለዎት፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ዊንዶውስ ፎልደር ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ 140 ገጽ ደርሷል። ላፕቶፔ 6ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፣ ዊንዶውስ 10 ሆም። 11 ፕሮ እንዲሆን ፈልጌ ስሞክር ኮምፒውተርሽ አይችልም አለኝ። ጥገና ቤት ያሉት ፎርማት አድርገን በጉልበት እናስገባልሻለን አሉኝ። ጽሑፌ እዚያው ላይ ብቻ ነው ያለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን መጽሔት አስቀምጪና መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ኢሜይልሽ ላኪው። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢኝ።

ጥገና ስጀምር ለገሀር አካባቢ አንድ የዕድር ጸሐፊ ኮምፒውተር ይዘውልኝ መጡ። ዊንዶውሱ አልነሳ ብሎ ነበር። የነገሩኝን በደንብ ሳልሰማ ፎርማት አደረግሁት። የ11 ዓመት የመዋጮ መዝገብ እዚያ ውስጥ ነበረ፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለማን ሐዘን ስንት ወጣ። ሽማግሌው አልጮኹብኝም። ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት እየዞሩ የእያንዳንዱን ደብተር ገልብጠው መዝገቡን መልሰው ለማቋቋም ከፋሲካ እስከ መስቀል ፈጀባቸው። አንዳንዱ አባል ሞቶ፣ ደብተሩም ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ኮምፒውተር ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው «ውስጡ ምን አለ?» ብዬ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ኮምፒውተርሽ አይችልም ያለሽ እውነቱን ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አይቀበልም። 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ችግርሽ ቲፒኤም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ ማብራት ይበቃ ነበር። ይህን ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፤ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋው የዊንዶውስ ክፍል) ያለበት ላፕቶፕ ላይ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት 48 ቁጥር ያለውን መመለሻ ቁልፍ ጽፋችሁ ያዙ፤ አለዚያ የራሳችሁ ላፕቶፕ በራችሁን ይዘጋባችኋል። ያንቺ ግን ፕሮሰሰሩ ነው፤ እሱን ቅንብር አይለውጠውም። በጉልበት ማስገባት ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንደዚያ ለገባ ማሽን ዝማኔ ለመስጠት ግዴታ አልገባም። መመረቂያ ጽሑፍ በሚጻፍበት ዓመት ያን ዓይነት ማሽን ላይ አትቀመጪ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 መሆኑ ነው። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የደኅንነት ዝማኔው ይቆማል ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ዝማኔ አዘጋጅቷል። 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው ቨርዥን መጫኑን «ዊንቨር» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ አረጋግጪና ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ የመመዝገቢያ ማስፈንጠሪያ መኖሩን እዪ። የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ፕሮም አያስፈልግሽም፤ የምትጽፊበት ዎርድ ሆም ላይም ፕሮ ላይም አንድ ነው። ያለሽን ብር ሀርድ ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ለመቀየር አውዪው፤ ያ ላፕቶፕሽን አዲስ ያህል ያደርገዋል።

አንድ ቀን አዲስ ዊንዶውስ መጫኑ ግድ ቢሆን ስለ ፊደሎችሽ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ከቪስታ ጀምሮ የምናውቀው ኒያላ ፎንት ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን አብሮ አይመጣም፤ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» በሚል ስም በተጨማሪ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጧል፤ ሴቲንግስ ውስጥ አማርኛን እንደ ቋንቋ ስትጨምሪ ወይም ራሱን ፈልገሽ ስትጭኚ ይመጣል። ያ ካልሆነ ዎርድ በሌላ ፎንት ይተካውና መስመሮቹ ይሸሻሉ፤ 140 ገጽሽ 147 ሆኖ ማውጫሽ ሁሉ ይዛባል። ከአሮጌ ሰነዶች የገለበጥሽው ጥቅስ ካለ ደግሞ ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች ሁሉ የጋራ የቁጥር መለያ) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛ ምልክቶችን እንደ አማርኛ የሚያሳዩ ነበሩ። ያ ፎንት ሲጠፋ ጽሑፉ የተበታተነ የእንግሊዝኛ ምልክት ይመስላል። አልጠፋም፤ ፎንቱን መልሶ መጫን ነው። አሁኑኑ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደር ከፍተሽ የአማርኛ ፎንቶችሽን ሁሉ ከጽሑፉ ጋር ገልብጫቸው። ለአማካሪሽ የምትልኪውንም ከዎርዱ በተጨማሪ በፒዲኤፍ አስቀምጪው።

ላፕቶፑን ለማንም ጥገና ቤት ስትሰጪ፣ ለእኔም ቢሆን፣ ጽሑፉን በሁለት ፍላሽ ገልብጠሽ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ እስከ መጨረሻው ገጽ መነበቡን አረጋግጪ። አንደኛው ፍላሽ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛው ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይሂድ።